ባለ ቀለም የብረታ ብረት ኦክሳይድ ስስ ሽፋኖች፦ አሠራር፣ ፍተሻና ገዢው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ማስረጃዎች

ለመስኮትና ለበር ፍሬም የሚውል ባለ ቀለም አሉሚኒየም እንዲሁም የሕንፃ ፊት የሚለብሰው አንጸባራቂ መስታወት በገበያ በስፋት ይቀርባሉ። የእነዚህ ምርቶች ቀለም እንደ ቅብ ቢታይም ብዙ ጊዜ በብሩሽ ወይም በርጭት የተቀባ አይደለም። ከብረታ ብረትና ከኦክሲጅን ውህደት የተገኘ፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ የሳሳ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ሽፋኑ በትክክል ከተሠራ ዝናብና ፀሐይን ለበርካታ ዓመታት ይቋቋማል፤ በጥድፊያ ከተሠራ ግን ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ገጹም ይዥጎረጎራል።

ይህ ጽሑፍ ቤት ለሚሠሩ፣ ለሥራ ተቋራጮች፣ ለአሉሚኒየም ወርክሾፖችና ወደ ዘርፉ ለመግባት ለሚያስቡ አነስተኛ አምራቾች የተዘጋጀ አጠቃላይ ማብራሪያ ነው። የሚያተኩርበት ነጥብ አንድ ነው፦ ቀለም ለዓይን ይታያል፤ የሽፋኑን ዕድሜ የሚወስኑት ውፍረቱና አደፋፈኑ ግን ለዓይን አይታዩም። ስለዚህ የቀለም ማማር ብቻውን የጥራት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

1. ቀለሙ ከየት ይመጣል?

ኦክሳይድ አንድ ንጥረ ነገር ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ውህድ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው የብረት ዝገት ነው። ዝገት ልልና ተፈርፋሪ በመሆኑ ከሥሩ ያለውን ብረት አይጠብቅም። የአሉሚኒየም፣ የታይታኒየምና የክሮሚየም ኦክሳይዶች ግን ጥብቅ ሆነው ከገጹ ጋር ስለሚጣበቁ እንደ ጋሻ ያገለግላሉ። የኦክሳይድ ሽፋን ቀለም የሚያገኝባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የብርሃን ሞገዶች መደራረብ ነው። ዝናብ በጣለበት አስፋልት ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ወይም የሳሙና አረፋ ቀስተ ደመና የሚመስል ቀለም የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው። ብርሃን ከስሱ ሽፋን የላይኛው ገጽና የታችኛው ገጽ ይንጸባረቃል፤ ሁለቱ ነጸብራቆች ሲገናኙ አንዳንዱ ቀለም ይጎላል፣ ሌላው ይጠፋል። የትኛው እንደሚጎላ የሚወስነው የሽፋኑ ውፍረት ነው። አንጥረኞች ያጠሩትን ብረት ሲያግሉ የሚያዩት የቀለም ለውጥም ከዚህ የመጣ ነው፦ በ230 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ገለባማ ቢጫ፣ በ280 አካባቢ ወይን ጠጅ፣ በ300 አካባቢ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። እዚያ ብረቱ አልተቀባም፤ የኦክሳይዱ ሽፋን ብቻ ወፍሯል።

ሁለተኛው የኦክሳይዱ የራሱ ቀለም ነው። የብረት ኦክሳይድ ቀይና ቡናማ፣ የክሮሚየም ኦክሳይድ አረንጓዴ፣ የኮባልት ኦክሳይድ ደግሞ ጥቁር ነው።

ሦስተኛው ቀለም በሌለው ኦክሳይድ ቀዳዳዎች ውስጥ ማቅለሚያ ወይም ሌላ ብረታ ብረት በማስገባት የሚገኝ ነው። አብዛኛው አኖዳይዝድ የተደረገ ባለ ቀለም አሉሚኒየም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ልዩነት ማወቅ ለገዢ ጠቃሚ ነው። በመጀመሪያው መንገድ በተገኘ ሽፋን ቀለሙ ራሱ ውፍረቱን ያመለክታል። በሦስተኛው መንገድ ግን ቀለሙ ስለ ውፍረት ምንም አይናገርም፤ 5 ማይክሮሜትር የሆነ ሽፋንና 20 ማይክሮሜትር የሆነ ሽፋን ተመሳሳይ ቡናማ ሊመስሉ ይችላሉ።

2. ባለ ቀለም አሉሚኒየም እንዴት ይሠራል?

አሉሚኒየም አየር ሲነካው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚሆን ኦክሳይድ በራሱ ያወጣል። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህ የተፈጥሮ ሽፋን ለሕንፃ አገልግሎት ስለማይበቃ በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲወፍር ይደረጋል። ሂደቱ አኖዳይዚንግ ይባላል፤ ደረጃዎቹም የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ማጽዳት። ፕሮፋይሉ ከቅባትና ከአቧራ ይጸዳል፤ ከዚያም በኮስቲክ ሶዳ ሙቅ ውህድ ገጹ በትንሹ ይላጣል፤ በአሲድ ታጥቦም በውሃ ይለቀለቃል። በዚህ ደረጃ የቀረ የጣት አሻራ ወይም ቅባት በመጨረሻው ቀለም ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል።

ለ. ኦክሳይዱን ማሳደግ። ፕሮፋይሉ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሰልፈሪክ አሲድ በያዘ ገንዳ ውስጥ ይነከርና ከኤሌክትሪክ ምንጩ አዎንታዊ ጫፍ ጋር ይያያዛል። የገንዳው ሙቀት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መጠበቅ አለበት። ሥራው ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፤ ገንዳው ከሞቀ ሽፋኑ ልፍስፍስና ዱቄታማ ይሆናል። ውፍረቱ በኤሌክትሪኩ መጠንና በጊዜው ይወሰናል። በተለመደው ስሌት በየካሬ ዴሲሜትሩ 1.5 አምፒር ሲያልፍ በ45 ደቂቃ ወደ 20 ማይክሮሜትር የሚጠጋ ሽፋን ይገኛል። ጊዜው በግማሽ ከተቀነሰ ውፍረቱም በግማሽ ይቀንሳል።

ሐ. ቀለም መስጠት። የተፈጠረው ኦክሳይድ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ፕሮፋይሉ ሙቅ ማቅለሚያ ውስጥ ሲነከር ቀለሙ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። ለብሮንዝና ለጥቁር ቀለም ደግሞ የቲን ጨው ባለበት ገንዳ ውስጥ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ደቃቅ ብረታ ብረት በቀዳዳዎቹ ሥር እንዲቀመጥ ይደረጋል። ይህ ሁለተኛው ዘዴ ፀሐይን በመቋቋም ረገድ አስተማማኝ ነው። የማቅለሚያዎች ፀሐይ የመቋቋም አቅም ግን ከዓይነት ዓይነት ስለሚለያይ ለውጭ ገጽ ሲታዘዝ መጠየቅ ይገባል።

መ. መድፈን። ቀዳዳዎቹ ክፍት ከቀሩ ቆሻሻና እርጥበት ይገባባቸዋል፤ ቀለሙም ይወጣል። ስለዚህ ፕሮፋይሉ ቢያንስ 96 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይቀቀላል። ኦክሳይዱ ውሃ ሲይዝ ያብጥና ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ለእያንዳንዱ ማይክሮሜትር 3 ደቂቃ ስለሚያስፈልግ ለ20 ማይክሮሜትር ሽፋን አንድ ሰዓት ሙሉ ማቆየት ግድ ይላል። በዝቅተኛ ሙቀት በኒኬል ፍሎራይድ የሚደፍን ሌላ ዘዴም አለ።

ከእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ወጪ ለመቀነስ ሲባል የሚታጠሩት ብዙ ጊዜ ሁለቱ፣ ማለትም ኦክሳይዱን ማሳደግና መድፈን ናቸው። ጊዜና ኃይል የሚፈጁት እነርሱ ሲሆኑ፣ ማጠራቸው በርክክብ ቀን በዓይን አይታወቅም። ጉድለቱ የሚገለጠው ምርቱ ከተገጠመና ክረምትና በጋ ካለፈበት በኋላ ነው።

3. ባለ ቀለም መስታወት

በመስታወት ላይ የሚሠራው ሽፋን ከአሉሚኒየሙ እጅግ የሳሳ ነው፤ የሚለካውም በናኖሜትር ነው። ሁለት ዋና የአሠራር ዘዴዎች አሉ።

የመጀመሪያው የጋለ መስታወት ላይ የሚሠራው ነው። መስታወቱ በፋብሪካ እየተመረተ ገና ትኩስ ሳለ የኮባልት፣ የብረትና የክሮሚየም ውህዶች ወይም የቲን ውህድ በገጹ ላይ ይረጫሉ ወይም በጋዝ መልክ ይለቀቃሉ። በሙቀቱ ተበታትነው ኦክሳይድ ይሆናሉ፤ ከመስታወቱም ጋር አጥብቀው ይያያዛሉ። በዚህ መንገድ የተገኘው ሽፋን ጠንካራ ስለሆነ «ጠንካራ ሽፋን» ይባላል።

ሁለተኛው ስፓተሪንግ ይባላል። መስታወቱ አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ክፍል ውስጥ ሲያልፍ ከብረታ ብረት ሰሌዳ የተፈናጠሩ ቅንጣቶች በላዩ ይደረደራሉ። በዚህ ዘዴ በርካታ ንብርብሮችን በትክክለኛ ውፍረት መደርደር ስለሚቻል የተለያየ ቀለምና የተሻለ ሙቀት የመከላከል አቅም ይገኛል። ሆኖም ብዙዎቹ «ለስላሳ ሽፋን» በመሆናቸው በቀላሉ ይጫራሉ፤ እርጥበትም ይጎዳቸዋል።

የአውሮፓ ደረጃ ኢኤን 1096 የተሸፈነ መስታወትን በአጠቃቀሙ ይመድባል። ምድብ ኤ ሽፋኑ ወደ ውጭም ሆነ ወደ ውስጥ ዞሮ ሊገጠም ይችላል። ምድብ ቢ ለብቻው ሲገጠም ሽፋኑ ወደ ውስጥ መዞር አለበት። ምድብ ኤስ በአምራቹ በተገለጹ ሁኔታዎች ብቻ ይሠራል። ምድብ ሲ እና ምድብ ዲ ደግሞ በታሸገ ድርብ መስታወት ውስጥ ብቻ ሊውሉ ይገባል። ስለዚህ «ባለ ቀለም መስታወት» ብሎ ማዘዝ ብቻ አይበቃም፤ ምድቡንና ሽፋኑ በየትኛው በኩል እንደሚዞር ማወቅ ያስፈልጋል።

4. ታይታኒየምና የማይዝግ ብረት

ታይታኒየም ያለ ምንም ማቅለሚያ ቀለም ይይዛል። በኤሌክትሮላይት ውስጥ ተነክሮ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ኦክሳይዱ ለእያንዳንዱ ቮልት በግምት 2 ናኖሜትር ይወፍራል፤ ቀለሙም ከነሐስ ወደ ወይን ጠጅ፣ ወደ ሰማያዊ፣ ወደ ወርቃማና ወደ አረንጓዴ ይሸጋገራል። በአጥንት ሕክምና የሚያገለግሉ አንዳንድ የታይታኒየም ብሎኖችና ሰሌዳዎች መጠናቸው በቀለም እንዲለይ የሚደረገው በዚህ ዘዴ ነው። የማይዝግ ብረትም የክሮሚክና የሰልፈሪክ አሲድ ሙቅ ውህድ ውስጥ ሲነከር በተመሳሳይ መርሕ ሰማያዊ፣ ወርቃማና አረንጓዴ ቀለም ያወጣል። እንዲህ ያሉ ሽፋኖች በጣም ስስ በመሆናቸው አንድ ጊዜ ከተጫሩ የቀለም ቅብ በመደረብ አይመለሱም።

5. በላቦራቶሪ የሚደረጉ ፍተሻዎች

የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሽፋንን ጠቅላላ መስፈርት የያዘው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 7599 ነው። ሽፋኖችን በአማካይ ውፍረታቸው ይመድባል፦ ኤኤ 5፣ ኤኤ 10፣ ኤኤ 15፣ ኤኤ 20 እና ኤኤ 25። ቁጥሩ ዝቅተኛውን አማካይ ውፍረት በማይክሮሜትር ይገልጻል። በአንድ ቦታ የሚለካው ውፍረትም ከምድቡ 80 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ለምሳሌ በኤኤ 20 ምድብ ከ16 ማይክሮሜትር በታች የሆነ ቦታ ሊኖር አይገባም። ኤኤ 5 እና ኤኤ 10 ለውስጥ ክፍል የሚበቁ ሲሆን፣ ለዝናብና ለፀሐይ ለተጋለጠ ገጽ ኤኤ 15 እና ከዚያ በላይ ይመረጣል። ዋና ዋናዎቹ ፍተሻዎች የሚከተሉት ናቸው።

ውፍረት። በእጅ በሚያዝ የኤዲ ከረንት መለኪያ ይለካል፤ ዘዴው በአይኤስኦ 2360 ተደንግጓል። ምርቱን አይጎዳም፤ ውጤቱም ወዲያው ይታወቃል። በአንድ ፕሮፋይል ላይ በተለያዩ ቦታዎች ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። በናኖሜትር የሚለኩ የመስታወትና የታይታኒየም ሽፋኖች ግን በብርሃን መሣሪያዎች ይለካሉ።

አደፋፈን። በአይኤስኦ 2143 ዘዴ በገጹ ላይ የአሲድ ጠብታ ከዚያም የማቅለሚያ ጠብታ ይደረግና ይታጠባል። በደንብ የተደፈነ ገጽ ማቅለሚያውን አይቀበልም፤ ያልተደፈነው ግን ይበከላል። ይህ ዘዴ በጥቁርና በደማቅ ቀለሞች ላይ ለማንበብ አስቸጋሪ ነው። ለእነዚህ አይኤስኦ 3210 ይሠራል፤ ናሙናው በአሲድ ውስጥ ቆይቶ የቀነሰው ክብደት ይለካል። በየካሬ ዴሲሜትሩ የቀነሰው ክብደት ከ30 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም።

ቀለም። ቀለም በዓይንና በመሣሪያ ይመረመራል። በዓይን ሲታይ ናሙናዎቹ ጎን ለጎን፣ በቀን ብርሃንና በተመሳሳይ አቅጣጫ መቀመጥ አለባቸው። የተለያየ ቅይጥ ያላቸው ፕሮፋይሎች በአንድ ገንዳ ቢቀለሙ እንኳ የተለያየ መልክ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ አምራቹና ገዢው የሚቀበሉትን እጅግ ቀላልና እጅግ ጥቁር መልክ በሁለት ናሙናዎች ወስነው ቢፈራረሙ ክርክርን ያስቀራል።

ጥንካሬና ዕድሜ። የመፋቅ ፍተሻ፣ ሰው ሠራሽ ብርሃን በመጠቀም የሚደረግ የመደብዘዝ ፍተሻና የጨው ጉም ፍተሻ ይደረጋሉ። በአይኤስኦ 9227 መሠረት በሚደረገው መደበኛ የጨው ጉም ፍተሻ ናሙናው በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ 5 በመቶ ጨው ለያዘ ርጭት ይጋለጣል።

6. ገዢው ራሱ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ምልከታዎች

የሚከተሉት ምልከታዎች የላቦራቶሪ ፍተሻን አይተኩም፤ ጥርጣሬ ሲኖር ግን ቀጣዩን ጥያቄ ለመጠየቅ ይረዳሉ። ሁሉም በተቆረጠ ትርፍ ቁራጭ ላይ መደረግ አለባቸው።

- የተቆረጠውን ጫፍ መመልከት። በፓውደር ኮቲንግ የተቀባ ፕሮፋይል በጫፉ ላይ የሚለይ ንብርብር ያሳያል፤ በቢላ ሲፋቅም ሊላጥ ይችላል። አኖዳይዝድ የሆነው እንዲህ አይላጥም፤ ሽፋኑ ከራሱ ከአሉሚኒየሙ የበቀለ ነውና። ሁለቱም በትክክል ሲሠሩ ጥሩ ምርቶች ናቸው፤ ዋናው ቁም ነገር ገዢው የከፈለበትን ዓይነት ማግኘቱ ነው።
- በመልቲሜትር መፈተሽ። ኦክሳይድ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የመለኪያው ጫፎች ገጹን ሳይወጉ በቀስታ ሲነኩት ኤሌክትሪክ ካለፈ፣ በዚያ ቦታ በቂ ሽፋን የለም ማለት ነው። ኤሌክትሪክ አለማለፉ ግን ሽፋን መኖሩን እንጂ ውፍረቱን አያረጋግጥም።
- በማርከር ምልክት ማድረግ። ቀለል ባለ ቀለም ላይ በማርከር ተሠምሮ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ በአልኮል ሲጠረግ ምልክቱ ዘልቆ ከቀረ አደፋፈኑ አጠራጣሪ ነው።
- በመስታወት ላይ ብርሃን ማብራት። የስልክ መብራት ወይም ክብሪት ወደ መስታወቱ ሲጠጋ ከእያንዳንዱ ገጽ አንድ ነጸብራቅ ይታያል። ቀለሙ ከሌላው የተለየው ነጸብራቅ ሽፋኑ ያለበትን ገጽ ለመለየት ይረዳል።

7. ከክፍያ በፊት በጽሑፍ መያዝ ያለባቸው ነጥቦች

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ይህ መብት በተግባር እንዲውል ትዕዛዙ የቀለሙን ስም ብቻ ሳይሆን የሚከተሉትን ቢይዝ ይመረጣል፦

- የሽፋኑ ዓይነት፦ አኖዳይዝድ፣ ፓውደር ኮቲንግ ወይም ሌላ
- የውፍረት ምድብ፤ ለምሳሌ ኤኤ 15 ወይም ኤኤ 20
- ቀለሙ የተሰጠበት ዘዴ፤ በተለይ ለውጭ ገጽ
- የመስታወቱ ምድብና ሽፋኑ የሚዞርበት አቅጣጫ
- ለቀለም ማመሳከሪያ የተፈረመባቸው ናሙናዎች
- የፍተሻ ሪፖርቱ የተሰጠበት ቀንና የምርቱ መለያ ቁጥር

የፍተሻ ሪፖርት ሲቀርብ ሦስት ነገሮችን ማረጋገጥ ይገባል፦ የተፈተሸው ናሙና ከቀረበው ምርት መወሰዱን፣ የፍተሻው ዘዴ በስምና በቁጥር መጠቀሱን፣ ላቦራቶሪውም ለዚያ ፍተሻ አክሬዲቴሽን ያለው መሆኑን። አንድ ላቦራቶሪ አክሬዲቴሽን አለው ማለት ሁሉንም ፍተሻ ለማድረግ ተረጋግጦለታል ማለት አይደለም፤ ማረጋገጫው በወሰኑ ውስጥ ለተዘረዘሩት ፍተሻዎች ብቻ የሚያገለግል ነው።

በአገራችን የደረጃ ሰነዶችን የሚያዘጋጀው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ነው። የፍተሻና የሰርቲፊኬሽን አገልግሎት የሚሰጠው የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ሲሆን፣ የላቦራቶሪዎችን ብቃት የሚያረጋግጠው የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ነው። ተገልጋዮች ናሙና ይዘው ከመሄዳቸው በፊት የሚፈልጉት ፍተሻ መሰጠቱን፣ የሚያስፈልገውን የናሙና መጠንና ክፍያውን አስቀድመው ቢጠይቁ እንግልትን ይቀንሳሉ።

8. በግንባታና በአገልግሎት ወቅት የሚደረግ ጥንቃቄ

የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ጠንካራ ቢሆንም ሶዳነት ባላቸው ነገሮች በቀላሉ ይጎዳል። እርጥብ ሲሚንቶና ኖራ ከነኩት ሊወገድ የማይችል ነጭ ጠባሳ ይተዋሉ። ስለዚህ ልስን እስኪጠናቀቅ ድረስ ፍሬሞች በመከላከያ ፕላስቲካቸው ተሸፍነው መቆየት አለባቸው፤ ሲሚንቶ ከነካቸውም ሳይደርቅ በብዙ ውሃ ወዲያው መታጠብ ይኖርባቸዋል። ለጽዳት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙናና ጨርቅ ይበቃል። በረኪና፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ አሲድና የሽቦ መፈግፈጊያ መጠቀም አይገባም። አኖዳይዝድ የሆነ ፕሮፋይል ሲታጠፍ ሽፋኑ ስለሚሰነጠቅ ማጠፍና መበየድ ከሽፋን ሥራው በፊት መጠናቀቅ አለበት።

9. ለአምራቾች የደኅንነት ማሳሰቢያ

የአኖዳይዚንግ ሥራ አደገኛ ኬሚካሎችን ይጠቀማል። ሰልፈሪክ አሲድ ሲቀጠን አሲዱ በዝግታ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ በአሲድ ላይ አይጨመርም፤ ይህ ካልተጠበቀ ውህዱ በድንገት ፈልቶ ይረጫል። ከገንዳው የሚወጣው የአሲድ ጉም ሳንባን ይጎዳል። ከአሉታዊው ጫፍ የሚወጣው ሃይድሮጅን ደግሞ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሆነ የአየር ማስወጫ ያስፈልጋል፤ እሳትና ሲጋራም ክልክል ነው። ሠራተኞች መነጽር፣ አሲድ የሚቋቋም ጓንት፣ ሽርጥና ቦት ጫማ ሊኖራቸው ይገባል። ለማይዝግ ብረት የሚውለው የክሮሚክ አሲድ ውህድ ካንሰር አምጪ በመሆኑ ተገቢው መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ በሌለበት መሞከር የለበትም።

የገንዳዎቹ ፍሳሽ ሳይታከም ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ፍሳሽ ቦይ መለቀቅ የለበትም። አሲዱና ሶዳው መገለል፣ የተሟሟው ብረታ ብረትም ዘቅጦ መለየት አለበት። ወደ ዘርፉ ለመግባት የሚያቅድ አምራች የፍሳሽ ማከሚያውን ወጪ ከገንዳዎቹና ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎቹ ወጪ ጋር ከመጀመሪያው ማስላት ይኖርበታል።

ተፈላጊው ሽፋን ለፕሮፋይልም ሆነ ለመስታወት የቤት ባለቤቱ በብዙ ድካም ያጠራቀመው ገንዘብ የሚፈስበት ነው። አንድ የውፍረት መለኪያ በጥቂት ደቂቃዎች የሚሰጠው ቁጥርና በውል ላይ የሰፈረ አንድ የምድብ ስም፣ ከተገጠመ በኋላ ሊታረም የማይችለውን ጉድለት ከመገጠሙ በፊት እንዲታወቅ ያደርጋሉ።